ሌንሱን ይዘን ቀረን፦ ካሜራ ሠሪዎች ነባር ደንበኛን እስከ መቼ ያስጠብቃሉ?

የቸርችል ልጅ

ሰላም ለቤቱ። የጥር ሰርግ ሳይደርስ መወሰን ያለብኝ ነገር አለ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የያዝኩት የካኖን ዕቃ ነው። 5ዲ ማርክ 4 ካሜራ፣ 24-70፣ 70-200 እና 50 ሌንሶች፣ ሁለት ፍላሽ። እዚህ ከተማ ሰርግ የሚሠራ ብዙ ሰው ይህንኑ ነው የያዘው። ለዚህም ሰበቧ 5ዲ ማርክ 2 ናት። በ2008 ስትወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የፎቶ ካሜራ ሆና ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ቀረጸች። ከኋላ ያለውን ብዥ አድርጎ ሙሽራዋን ብቻ የሚያወጣ ቪዲዮ በዚያ ዋጋ የትም አልነበረም። ሁላችንም ተከትለናት ገባን።

ከዚያስ? ተኙ። ማርክ 3 በ2012 መጣች፣ ማርክ 4 በ2016። ማርክ 4 4ኬ (ከሙሉ ኤችዲ በጣም የጠራ ቪዲዮ) አላት ተብሎ ተወራላት። ግን ምስሉን ከመሃል ቆርጣ ነው የምትቀርጸው። 24 ሚሊ ሌንስህ ወደ 40 ይጠጋል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ የሽማግሌ ምርቃት ልቅረጽ ብትል ግድግዳ ሰብረህ መውጣት ነው የቀረህ። ፋይሉም ከባድ ነው፤ 64 ጊጋ ካርድ 17 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ተክሊል የቀረጸ ሰው 17 ደቂቃ የት እንደሚያደርስ ያውቀዋል። በዓመቱ 6ዲ ማርክ 2 ወጣች፤ እሷ ጭራሽ 4ኬ ቪዲዮ የላትም። በ2017 እኮ ነው! ስልክ እንኳ 4ኬ መቅረጽ ከጀመረ ከርሟል።

2018 ላይ ነገሩ ፈጦ ወጣ። ዓመቱ ሲጀምር ሶኒ ኤ7 ማርክ 3ን አመጣ። ሁለት ካርድ፣ ያልተቆረጠ 4ኬ፣ ዓይን ተከትሎ የሚሄድ ፎከስ። ከወራት በኋላ ካኖን የመጀመሪያዋን ፉል ፍሬም (ባለ ሰፊ ሴንሰር) ሚረርለስ (ውስጧ መስታወት የሌላት ካሜራ)፣ ኢኦኤስ አርን ይዞ ብቅ አለ። 4ኬው አሁንም ተቆርጧል። የካርድ ማስገቢያዋ አንድ ብቻ። ዋጋዋ ደግሞ ከሶኒዋ በላይ።

ሁለት ካርድ ለዝንባሌ ለሚያነሳ ሰው ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል። ለሰርግ ሠሪ እንቅልፍ ነው። ካርዱ ተበላሸ ብለህ ሙሽራዋን ድጋሚ አታጋባት።

የሚያበሳጨኝ ምን መሰላችሁ? ችሎታው እያላቸው ነው የሚዘገዩት። በ2013 ማጂክ ላንተርን የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ለ5ዲ ማርክ 3 የራሳቸውን ሶፍትዌር ጽፈው ጥሬ ቪዲዮ፣ ማለትም ሴንሰሩ እንዳነበበው ያልተነካካ ቪዲዮ፣ አስቀረጿት። ያው ካሜራ፣ ያው ሴንሰር። ኩባንያው ያላወጣውን ትርፍ ሰዓታቸውን የሰጡ ልጆች አወጡት። በ2011 የጀመረውን ውድ የሲኒማ ካሜራ መስመሩን ገበያ እንዳይነካበት ነው የሚል ጥርጣሬ ያኔ በሰፊው ይወራ ነበር። እኔም አምነዋለሁ።

አሁን ጥያቄዬ፦ ሁሉን ሸጬ ልውጣ? አዳፕተር (የድሮ ሌንስ በአዲስ ካሜራ ላይ የሚያስገጥም ማገናኛ) ገዝቼ በያዝኩት ሌንስ አዲስ ቦዲ (ካሜራውን ብቻ) ይዤ ልቀጥል? ወይስ ዘንድሮንም በዚሁ ልለፈው?

ፍላሽ አጥፋ

ሽጠህ ሶኒ ግባ። አለቀ። ቀጣይ ጥያቄ?

ባለስቱዲዮ

ቆይ፣ ቆይ። ማነው 4ኬ የጠየቀህ?

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ስሠራ ኖሬያለሁ። ሙሽራ መጥታ የምትጠይቀኝን ልንገርህ። አልበሙ መቼ ይደርሳል? ድሮን አላችሁ? ለቲክቶክ የሚሆን አጭር ቪዲዮ በማግስቱ ትሰጡኛላችሁ? እናትየው ደግሞ ፊቴን ትንሽ አሳምርልኝ ትላለች። የካርድ ማስገቢያህ ስንት ነው ያለችኝ ሙሽራ የለችም።

ካኖን ዘገየ እያላችሁ የምትጮሁት እናንተ፣ የአምናን የጥር አልበም ያላስረከበ ስንት ሰው አለ እዚህ ቤት? እሱ ነው ደንበኛ የሚያበሳጨው።

የቸርችል ልጅ

ሃሃሃ፣ ወንድሜ ይቺ ለብዙዎቻችን ናት። ግን አልመለስክልኝም። ሙሽራዋ ባትጠይቅም ካርዱ ሲበላሽ የምትከሰው እኔን ነው።

ጃንሜዳ

እኔ የሰርግ ሰው አይደለሁም። በዓል ነው የማነሳው፣ አንዳንዴም ለዜና። የቸርችል ልጅ ብስጭቱ ገብቶኛል፤ ግን 4ኬው ላይ ከርሞ ዋናውን ነገር አልፎታል። ዋናው ፎከስ ነው።

አሮጌዋን 5ዲ ማርክ 2 የያዘ ያስታውሳል። ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ ነው ያላት። ከነሱ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ አንብባ ጨለማ ላይ የምታስተማምነው የመሃሏ ብቻ ናት። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ልማድ ያዝን፦ በመሃል ነጥብ ዓይኑን ያዝ፣ ቁልፉን ግማሽ ተጫን፣ ካሜራውን አዙረህ ፍሬሙን አስተካክል፣ ንካ። ለቆመ ሰው ይሠራል።

አሁን ይህን ከተራ ላይ ሞክረው። ጥር 10፣ ታቦታቱ ጃንሜዳ የሚገቡበት ሰዓት። ፀሐይ ወርዳለች። ከፊትህ ዲያቆን ጽና ይዞ ወደ አንተ ይመጣል፣ የዕጣን ጭስ ፊቱን ይሸፍነዋል፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጥላ ከላዩ ይወዛወዛል። መሃሉን ነጥብ ፊቱ ላይ ጣልክ። አዙረህ ፍሬሙን እስክታስተካክል አንድ እርምጃ ተራምዷል። ሌንስህ በሰፊው፣ 1.8 ላይ ተከፍቶ ከሆነ ያቺ አንድ እርምጃ በቂ ናት፤ ጽናው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ፊቱ ይደበዝዛል። ቤት ገብተህ በኮምፒውተር ስታየው ነው የምታውቀው።

ዓይን የሚከተለው ፎከስ ይህን ልማድ ገደለው። ፊቱ ጥግ ላይ ቢሆን፣ ቢራመድ፣ ጥላው ቢከልለው መልሶ ይይዘዋል። ይህን በሰው ካሜራ አንድ ቀን ከሠራህበት በኋላ ወደ መሃል ነጥብ መመለስ አይቻልም። ሰውን ከካኖን ያስኮበለለው ይህ ይመስለኛል። ቪዲዮው ሰበብ ነው።

ፍላሽ አጥፋ

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ አሳጥሬ።

ባለስቱዲዮ

አንተማ ምንም አላልክም።

ጃንሜዳ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሚረርለስ ገነት ነው ብሎ የሚገዛ ሰው እንዳይሸወድ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ አልባ ሹተር ደስ ይላል፣ ቄሱም አይቆጡህም። አዳራሽ ስትገባ ግን የኤልኢዲ መብራት ፎቶህ ላይ መስመር መስመር ይጥልብሃል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ስታደርገው ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ቀለሟን የምትቀያይረው የዲጄ መብራት ግን በዚህ አትሸነፍም። እዚያ መካኒካል ሹተር ክፈትና ይጩህ።

ሰሌዳ

ጥገና ላይ ስለሆንኩ ከውስጥ በኩል ልናገር። ሰው "ሌንሴ ከሰረ" ሲል እሰማለሁ። የካኖን ሌንስ የያዘ ሰው አልከሰረም።

የድሮው ኢኤፍ ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበት ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው። የአዲሱ የሚረርለስ ሌንስ፣ የአርኤፍም ያው 54። የተለወጠው ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው፤ 44 የነበረው 20 ሆነ፣ መስታወቱ ስለወጣ። አዳፕተሩ እንግዲህ ያንን 24 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ባዶ ቱቦ ነው። ውስጡ የሌንስ ብርጭቆ የለም፣ ስለዚህ ጥራት አይቀንስም። ሽቦው ቀጥታ ያገናኛል፤ ፎከሱም ይሠራል፣ ማረጋጊያውም ይሠራል። እንዲያውም የሌንሱና የካሜራው መስታወት አለመጣጣም የሚያመጣው የፎከስ ስህተት ይጠፋል፣ ምክንያቱም ሚረርለስ ፎከሱን የሚያነበው ከራሱ ሴንሰር ላይ ነው።

ሌሎቹ ጋ ሄደህ ብታይ የባሰ አለ። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ አንድ ዓይነት የሌንስ መቀመጫ ይዞ ቆይቶ በ2018 ዜድ ወደሚባለው የሚረርለስ መቀመጫ ሲሻገር አዳፕተሩ ሞተር የለውም። በውስጣቸው ሞተር የሌላቸው፣ በካሜራው ዘንግ የሚዞሩት ዲ ሌንሶች በዚያ አዳፕተር በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚያደርጉት። ሶኒም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፦ የኤ ማውንት (የድሮው የሌንስ መቀመጫው) ደንበኞቹን በ2016 ከወጣችው ኤ99 ማርክ 2 በኋላ አዲስ ቦዲ አላሳያቸውም። ኦሊምፐስ ፎር ሰርድስ በሚባለው የካሜራ መስመሩ ላይ ሰው ሰብስቦ በ2010 ኢ5ን አውጥቶ መስመሩን ዘጋ፤ በኋላም የካሜራ ክፍሉን ጠቅላላ ሸጠ።

ስለ መዘግየታቸው ምክንያት የኔ ግምት ቀላል ነው። በ2010 በዓለም የተላከው ዲጂታል ካሜራ ከ121 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ትንሿን የኪስ ካሜራ ስልክ በላት። ያ ገበያ ሲጠፋ የሚተርፈው ደንበኛ እንደ አንተ ያለው ነው፣ ሌንስ ስላለህ የትም የማትሄደው። የማይሄድን ሰው ለማስደሰት ማን ይሮጣል?

የቸርችል ልጅ

ሰሌዳ፣ ይህች የመጨረሻዋ ነገርህ እኮ የኔው ክስ ናት። ሌንሴ ዋስትናቸው ነው፤ እንደማልወጣ ያውቃሉ።

ደግሞ አዳፕተሩ ጥሩ ነው፣ እሺ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሌንስ ስፈልግስ? የቻይናው ሌንስ ሠሪ ቪልትሮክስ ለአርኤፍ ርካሽ ሌንስ መሥራት ጀምሮ በ2022 በካኖን ጥያቄ አቆመ። ካኖን የፓተንት መብቴ ተነክቷል አለ። ሌሎቹ ሌንስ ሠሪዎች ሲግማና ታምሮን ፈቃድ አግኝተው ሌንስ እንደሚያወጡ የተነገረው 2024 ላይ ነው፤ እሱም ለትንሽ ሴንሰር ካሜራዎች ነበር። ሶኒ ጋ ግን የሲግማ ሌንስ እንደ ልብ ነው። እኛ አገር የኩባንያውን ኦሪጅናል በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ስንት ሰው አለ?

ሰሌዳ

እዚህ ላይ አልከራከርህም። እሱ በሩን መቆለፍ ነው።

ጥሩ ምሳሌ ከፈለግህ ፔንታክስ አለ። በ2018 ኬ1 ማርክ 2ን ሲያወጣ የመጀመሪያዋን ኬ1 የገዛ ሰው ካሜራውን ልኮ፣ ከፍሎ፣ የውስጥ ሰሌዳዋን ወደ ማርክ 2 እንዲያስቀይር ለተወሰነ ጊዜ ፈቀደ። ትንሽ ኩባንያ፣ ትንሽ ገበያ፣ ግን አስቦበታል። ለጥገና ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሲከተል አላየሁም።

ጋሽ ፊልም

ልጆች፣ ከሩቅ ሆኜ ሳነብ ቆየሁ። ትንሽ ልበል።

ካኖን ደንበኛውን ሲተው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1987 ኢኦኤስን ሲያመጣ የድሮውን የኤፍዲ ሌንስ የያዘ ሁሉ ቀረ። አዲሱ ካሜራ ላይ አይገጥምም፤ አዳፕተርም ብትሉ የሚረባ አልነበረም። እኔ የሌላ ኩባንያ ካሜራ ስለያዝኩ አልነካኝም። ፒያሳ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ግን ሌንሳቸውን ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አኖሩት። ኩባንያውን ሲረግሙ ሰነበቱ። አሁን እናንተ "የያዝነው" እያላችሁ የምትሟገቱለት ኢኤፍ ማለት ያኔ የተረገመው ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ፣ ሞተሩን ሌንሱ ውስጥ ያደረገ። ለሰላሳ ዓመት ያበላችሁ እሱ ነው።

ስለዚህ መለወጣቸውን አልቃወምም። የምቃወመው ደንበኛን በጨለማ ማቆየት ነው። ሊዘጉት ያሰቡትን መስመር "ቆይ፣ ይመጣል" እያሉ መሸጥ። ከፋም ለማም ንገረኝ፤ እኔ ገንዘቤን አውቅበታለሁ።

የቸርችል ልጅ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። አሁንም ያነሳሉ?

ጋሽ ፊልም

የምሠራበት ቤት በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። አሁን የጉርድ ፎቶ በልጄ ስቱዲዮ፣ ደስ ሲለኝ። ካሜራው የሱ ነው፤ እኔ ሰዎቹን "ቀና በሉ" እላለሁ።

ኪራይ በቀን

ሰላም። እኔ ካሜራ አከራያለሁ፣ ስታዲየም አካባቢ ነኝ። ሁላችሁም ከፋብሪካው በኩል ነው የምታዩት፤ ከዚህ ከኛ በኩል ልንገራችሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ካሜራ የሚመጣው በሻንጣ ነው፤ ከዱባይ ወይም ውጭ ባለ ዘመድ እጅ። ስለዚህ "ልቀይር" የሚለው ቃል ዋጋው ሌላ ሆኗል። አንድ ቦዲ መቀየር አይደለም ይህ። ቦዲ፣ ሌንስ፣ ባትሪ፣ ካርድ፣ ፍላሽ ማገናኛ፤ ስቱዲዮ እንደ አዲስ መክፈት ነው።

አሁን የማይጥማችሁን ልናገር፦ የካኖን መዘግየት ለብዙዎቻችሁ ጥቅም ነበር። ማርክ 3 አራት ዓመት ሳትተካ ስትቆይ ያገለገለችዋ ዋጋዋን ይዛ ቆየች። ገዝተህ፣ ሠርተህባት፣ ሳትከስር ትሸጣታለህ። ቶሎ ቶሎ አዲስ የሚያወጣ ኩባንያ ጋ ስትሄድ አዲሷ በወጣች ማግስት የያዝካት ትረክሳለች። ፍላሽ አጥፋ ይህን አይነግርህም። ዶላር በሌለበት አገር ዋጋ የሚይዝ ዕቃ ማለት የባንክ ደብተር ነው።

የአሁኑ ችግር ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ኢኤፍ ሌንሱን አንድ ላይ ሊሸጥ ወጥቷል። ደላሎቹ "አሮጌ ነው፣ ሚረርለስ ነው የሚፈለገው" እያሉ ዋጋ ይሰብራሉ። ከዚያ ያው ሌንስ ከአዳፕተር ጋር ተደርጎ ለአዲስ ገቢ ልጅ በደህና ዋጋ ሲሸጥ አያለሁ። የቸርችል ልጅ፣ 70-200ህን አሁን እንዳትሸጥ።

ፍላሽ አጥፋ

እህቴ፣ እኔ ሶኒዬን ይዤ ሰላም ነኝ። ረከሰች አልረከሰች አልሸጣትም።

ኪራይ በቀን

እሱማ ጥሩ። ግን ባለፈው ወር ሰፊ ሌንስ ልትከራይ የመጣኸው አንተ አይደለህም?

ባለስቱዲዮ

ተያዝክ!

የመድረኩ ጠባቂ

የብራንድ ጠብ ይብቃ። ማን ምን ይዟል የሚለውን ለሌላ ክር እናቆየው። ልጁ የጠየቀው ግልጽ ነው፤ እሱን መልሱለት።

ሰሌዳ

እሺ፣ ወደ መልሱ። እኔ ብሆን ሌንሱን አልነካም። ያገለገለች አር6 እና አዳፕተር። አር6 በ2020 የወጣች ናት፣ ካኖን እንደ ነቃ ያሳየባት። ሁለት ኤስዲ ካርድ፣ ዓይን የሚከተል ፎከስ፣ ሴንሰሩ ላይ ማረጋጊያ። የማርክ 4 ባትሪዎችህም ይሠሩባታል፣ ይህች ቀላል ነገር አይደለችም። ሲኤፍ ካርዶችህ ግን አይገቡም።

ጉድለቷ፦ ቪዲዮ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ትቆማለች፣ 4ኬ ረጅም ከቀረጽክ ደግሞ ትሞቃለች። የግማሽ ሰዓቱን ገደብ በ2022 በመጣችው አር6 ማርክ 2 ላይ አነሱት። ሁለት ዓመት ጠብቅና ሌላ ግዛ ማለት ነው። ብስጭትህ እዚህ ላይ ተገቢ ነው።

ያገለገለ ስትገዛ የሹተር ቁጥሩን (ስንት ፎቶ እንዳነሳች) ብቻ አትይ። የካርድ በሩን ክፈት፣ የመሙያ ቀዳዳውን ነካ ነካ አድርገህ እይ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ16 አጥብበህ ነጭ ግድግዳ አንሳና በፎቶው ላይ የሴንሰሩን ነጠብጣብ ፈልግ። አንድ ጥገና ቤት ሴንሰሩን ጭሮ "ከፋብሪካው ነው" ያለው ካሜራ እጄ ገብቶ ያውቃል።

ጃንሜዳ

እስማማለሁ። ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ሰርግ ሥራባት። የማያ መስኮቷ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ዓይንህ እስኪለምድ ቲቪ የምታይ ነው የሚመስልህ። አንዳንዱ ሰው ጨርሶ አይወደውም።

ባለስቱዲዮ

እኔም ይሁን ልበል። ከነሌንሱ ከሆነ አልቃወምም። ሸጦ መውጣቱን ነበር የጠላሁት።

የቸርችል ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወስኛለሁ፦ ሌንሱ ይቀመጣል፣ ቦዲዋን መጀመሪያ እከራያለሁ። ካኖንን ግን ይቅር አላልኩም፣ ይመዝገብልኝ።

ኪራይ በቀን፣ አር6 ከአዳፕተር ጋር አለሽ? ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እፈልጋለሁ።

ኪራይ በቀን

አለች። ቅዳሜና እሑድ ተያይዞ ነው የሚወጣው፤ ጥር ላይ ለአንድ ቀን አልሰጥም። መታወቂያና ተያዥ ይዘህ ና። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ የሌላ ቀን ይታሰባል።

የቸርችል ልጅ

ዋጋው?

ኪራይ በቀን

በውስጥ መስመር።

ባለስቱዲዮ

ካኖን እንኳ ዋጋውን በግልጽ ይጽፋል እኮ!